ለንቦቹ ትተን የቆረጥነው

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸዋርጋ፣

አንቺን፣ ባለቤትሽን አቶ ወልደዮሐንስንና ልጃችሁን ቲቲን ሰላም እላለሁ። ሰላምታዬን ለመመለስ አትገደጂም።

ሾፌሩ ተረፋ የላክሽውን ቃል ሳያስቀር አድርሶኛል። «ከአራት ዓመት በኋላ ምን ፈልጋ ነው?» ብለሻል። እውነትሽን ነው። ሰሞኑን እየደወልኩ ድምፅሽን ስሰማ የምዘጋው እኔ ነኝ። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ፊት ቃል ያጥረኛል። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገርሽ፤ አብረን ያቆምነው ቤት ነውና። «ጋጉራ ማር» ያልነው ማኅበራችን አሁንም አለ። ኑኑ ቁምባ ላይ በጓሯቸው ቀፎ ያላቸው ሴቶች አርባ ስድስት ደርሰዋል። ዛፍ ላይ የሚሰቀል ቀፎ የወንድ ነው ተብሎ የተከለከልነውን፣ መሬት ላይ እናስቀምጠው ብለን የጀመርነው እኔና አንቺ መሆናችንን አዲሶቹ አያውቁም። እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ያመጣሽው የጠርሙስ ዘዴም እንዳለ ነው፤ ባዶውን የመለሰ ቀጣዩን በቅናሽ ይወስዳል። ነቀምቴ ውስጥ የእኛን ጠርሙስ የሚጥል የለም። ጠርሙሱ ላይ የምንለጥፈውን ቃልም አልቀየርነውም፦ «ለንቦቹ ትተን የቆረጥነው»።

አሁን አዲስ አበባ ብዙ ሱቆች ያሉት ድርጅት ማራችንን ሊወስድ ነው። የወደደው ማሩን ብቻ አይደለም፣ ይህን ቃል ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሊሊሴ ትባላለች፤ የተማረች፣ ልባም ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ እማሸጊያው ክፍል መጣች።

«አዴ ድርቤ፣ ገዢ እኮ ማር ብቻ አይገዛም። ታሪክም ይገዛል» አለችኝ።

«የምን ታሪክ?»

«የ2013ቱን ነዋ! ንቦቻችሁ በአረም መድኃኒት አልቀው እንደገና የተነሣችሁበትን። እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። በየጠርሙሱ አንገት ላይ በትንሽ ወረቀት እናንጠለጥለዋለን።»

«የሰው ስም ይጠራል?»

«ምን ስም ያስፈልጋል? አባ ሱሚን ኑኑ ላይ የማያውቅ አለ እንዴ!»

ሱሚ መርዝ ነው፤ አባ ሱሚ ደግሞ ያንቺ ባል። ልጅቷ በዚያን ጊዜ ኑኑ አልነበረችም፤ ሰውየውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። የመርዝ አባት ሆኖ ብቻ ነው የደረሳት። ያን ስም ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እንዳይወጣ ማድረግ እችል የነበርኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሴቶቹ የካቲት 29 ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። ታሪኩን እንድናገር የተፈለገው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ለአንቺ የምነግርሽ ነገር አለኝ። ልጻፈው ወይስ ልተወው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ድርቤ

ደምቢ ዶሎ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ድርቤ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። የአረም መድኃኒት አንሸጥም፤ ሳሙና፣ ጨው፣ ዱቄት፣ ደብተር ነው የምንሸጠው።

በተረፋ በኩል ያ ስም ባለቤቴን እዚህ ድረስ ተከትሎት እንደሆነ ጠይቀውኛል። ተከትሎታል። አምና ከኑኑ የመጣ አንድ መንገደኛ ውኃ ሊገዛ ገባ። ከፍሎ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አየውና፣ «አንተ አባ ሱሚ አይደለህም እንዴ? እኛ እኮ ሞተሃል ብለን!» አለው። እየሳቀ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። በረንዳው ላይ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ግን ሰሙ። ከዚያ በኋላ ዱቄት ከእኛ የማይገዙ ቤቶች አሉ። ሳሙና ይገዛሉ። የሚበላ ነገር አይገዙም።

ይጻፉ። ግን ለእኔ ይጻፉ። ወልዴ እንደምንጻጻፍ አያውቅም።

አክባሪዎ
ሸዋርጋ

ነቀምቴ
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋርጋ፣

«ክብርት» ብለሽኛል፣ «እርስዎ» ብለሽኛል። ከአንድ ሳህን ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን፤ የሰደበኝ ሰው እንኳ እንዲህ አሳምሞኝ አያውቅም። አላማርርም። እንዲያው ተሰምቶኛል ለማለት ነው።

ይኸው ነገሩ።

በግንቦት 2013 ከማር ገዢያችን የመጣውን ደብዳቤ ታስታውሻለሽ። አንቺ «ወልዴ ያንብብልን፣ እሱ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ያውቃል» አልሽ። እኔ እምቢ አልኩ። ባለቤቴ ዋጋሪ አስተማሪ ነበር፤ የሰውን ልጅ ሁሉ አስተምሮ እኔን ሳያስተምረኝ ሞተ። ማንበብ የተማርኩት እሱን ከቀበርኩ በኋላ፣ ብቻዬን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ «እኔ አነባለሁ» አልኩሽ። ኩራት ነበር።

ደብዳቤው «እንጀራው ሙሉ በሙሉ የታሸገው ይቆረጥ» ይላል። እኔ የማውቀው የታሸገ ነገር ሱቅ ውስጥ ያለ ነው፤ ብስኩት፣ ፓስታ። የማር እንጀራው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ፣ ታሽጎ ይምጣ ማለቱ መሰለኝ። ለሴቶቹ በኦሮምኛ ያልኳቸው «ሁንዱማ ሙራ» ነው፤ ሁሉንም ቁረጡ። ኬኔ ብቻ «የንቦቹ ድርሻስ?» ብላ ጠየቀች። «ደብዳቤው ነው ያለው» አልኳት። ወረቀት የያዘ ሰው ይታመናል። በሰኔ ቀፎውን ሁሉ እስከ ጀርባው ላጩት።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። አበባ የለም፣ ንቦቹ የሚበሉት የለም። በሐምሌ ከስልሳ ቀፎ አርባ አንዱ ባዶ ሆነ። ገበሬው አረም የሚረጭበት ሳምንት ነበር፤ መድኃኒቱን የሚሸጠው ደግሞ ወልደዮሐንስ ብቻ። ሰው ሁለቱን ነገር ለማገናኘት አልተቸገረም።

እኔ ደብዳቤውን እንደገና ያወጣሁት በዚያው ሳምንት ነው። ስለ ንብ እርባታ ከሚናገር አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጋር አስተያይቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የታሸገ እንጀራ ማለት ንቦቹ ራሳቸው አፉን በሰም የደፈኑት፣ የበሰለው ማለት ነው። እሱን ብቻ ቁረጡ፣ ሌላውን ተዉላቸው ነው ያለን። እኛ ጠርሙስ ላይ የምንጽፈውን ነው መልሶ የነገረን።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ይቅር ይባላል። የሚቀጥለው ግን ስህተት አይደለም።

ጸሎት ቤቱ ግቢ ስንሰበሰብ ንብ ያስተማሩን ሽማግሌ፣ ኦቦ ጋሩማ፣ ተነሡ። «መርዝ የነካው ንብ ቀፎው ደጃፍ ላይ ነው ተከምሮ የሚሞተው። የታለ ሬሳው?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ አፌ ላይ ነበር። ብናገር ሴቶቹ ይበተናሉ፣ ገዢው ይሄዳል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቃል መሳቂያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዓላማችን መልካም ስለሆነ ውሸቱም አብሮ መልካም የሚሆን መሰለኝ። እና «ዝናቡ አጥቦ ወሰዳቸው» አልኩ።

ኦቦ ጋሩማ ተቀመጡ። «አንቺ ካልሽ፣ አንቺ ታነቢያለሽ» አሉ።

በመስከረም ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስትወጡ እኔ ቤቴ ውስጥ ሆኜ የመኪናችሁን ድምፅ ሰማሁ። አልወጣሁም።

ድርቤ

ደምቢ ዶሎ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድርቤ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩት በኋላ ሦስት ቀን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ደበቅሁት። ዛሬ አውጥቼ አራገፍኩትና ደግሜ አነበብኩት።

አንቺ ሴት! ዝናብ? አንድ ሰው በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል? ባሌ እኮ ገበያ ሲወጣ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ከኋላው ይሮጡ ነበር። ቲቲ ትምህርት ቤት የቋጠረችውን ምሳ ማንም አይቀምሰውም ነበር፤ ልጄ ብቻዋን መብላት የለመደችው በአንቺ ዝናብ ነው። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሆዴ ይፈነዳ ነበር።

አሁን ደግሞ በማግስቱ በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ለጠየቅሽኝ። «ጠርጥሮኝ ያውቅ ነበር?» ብለሻል።

አልጠረጠረም። ያውቅ ነበር።

ስብሰባው በተደረገ በሁለተኛው ቀን ወልዴ ማንም ሳያየው የኬኔን ጓሮ ዞሮ ቀፎዎቹን አየ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። «ሸዋ፣ አንድም የሞተ ንብ የለም። ርቧቸው ነው የሄዱት። እንጀራው ከሥሩ ተልጧል» አለኝ። ነገ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ ብሎ ጫማውን ማጠብ ጀመረ።

ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

ያን ሥራ እንዴት እንደምወደው ታውቂያለሽ። ጠርሙስ ስሰበስብ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ስለ ንብ ድርሻ ስሰብክ፣ በሕይወቴ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ያልቆምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። እና «ሱቅ ሌላ ቦታ ይከፈታል። እነዚህ ሴቶች ግን ሌላ ምን አላቸው?» አልኩት።

«ስሜስ?» አለኝ።

«ስም ይረሳል» አልኩት። እኔ፣ ሚስቱ።

ጫማውን አጥቦ ጨረሰና ፀሐይ ላይ አሰጣው። ከዚያ ወዲህ ስለ ንብ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ አንቺን መጥላት ቀለለኝ፤ አንቺን ስጠላ የራሴን አላይም። «ክብርት» ያልኩሽ ስለ ናቅሁሽ አይደለም። በጥፋቱ አንድ ወንበር ላይ መቀመጣችንን ስለማውቅ ነው።

ተናገሪ ወይም ዝም በይ አልልሽም። እኔ ግን ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደብዳቤዎችሽን ለወልዴ እሰጠዋለሁ።

ሸዋርጋ

ነቀምቴ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

«እንዴት ተቀበሉሽ?» ላልሽኝ፣ እንደሚገባኝ ነው የተቀበሉኝ።

ቅዳሜ ኑኑ ሄድኩ። ሊሊሴ ስልኳን ደግና የምናገረውን ልትቀርጽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። የ2013ቱን ደብዳቤ አወጣሁና አንድ ጊዜ በአማርኛው አነበብኩላቸው። ከዚያ ያኔ ያልኳቸውን ነገርኳቸው፣ ከዚያ ማለት የነበረብኝን። ዝናቡን መጨረሻ ላይ ነገርኳቸው፤ ድምፄ ጠፍቶ ነበርና «ጮክ በይ!» ያለችኝ ኬኔ ናት። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ማንም አልጮኸም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ጋሩማ ከዘራቸውን እንደተደገፉ፣ «ሰፉ!» አሉ። ይህን ቃል በአማርኛ ልጽፍልሽ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ነውር ነው፣ ግን ከነውር ያልፋል፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ምድሩም የሚያፍርበት ነገር ነው። አንቺ ኑኑ ስለኖርሽ ታውቂዋለሽ። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ያን ዝናብ ስረግም ነበር። የእግዜርን ዝናብ!» አሉ። ጥቂት ሴቶች ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል አለቀስኩ።

ሊሊሴ ቀረጻውን አቁማ ወጣች። ተከትያት ስወጣ፣ «አዴ፣ ሥራውን በእጅዎ ገደሉት። ምናለ ለእኔ ብቻ ቀስ ብለው ቢነግሩኝ?» አለች።

«ቀስ ብሎ የተነገረው ነገር ነው እዚህ ያደረሰን» አልኳት።

አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ተናደደች። ሰኞ ዕለት ግን ለአዲስ አበባው ድርጅት እውነቱን የጻፈችው ራሷ ናት። አንድ ወቅት እንጠብቃለን፣ መጥተን ቀፎውን እናያለን ብለዋል። ይመጡ ይሆናል፣ ይቀሩም ይሆናል። እስከዚያ «ለንቦቹ ትተን የቆረጥነው» የሚለውን ከጠርሙሱ ላይ አንሥተነዋል። ነቀምቴ ላይ ብቻ፣ እንዲያው «ማር» ተብሎ ይሸጣል። ከእንግዲህ አንዷ ስትቆርጥ ሌላዋ ቀፎውን ከፍታ የተተወውን ታያለች። ይህን ያመጣችው ኬኔ ናት። ከሊቀመንበርነቱ እኔን አንሥተው እሷን አስቀምጠዋል። ልክ አድርገዋል።

ደግሞም ወስነዋል። ኦቦ ጋሩማና ኬኔ ደምቢ ዶሎ ድረስ መጥተው አቶ ወልደዮሐንስን ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኔንም «ነይ» አሉኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ መንገዱ ይጎዳኛል አልኩ።

ኬኔ ጉልበቴን አየች።

ድርቤ

ደምቢ ዶሎ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርቤ፣

ስለ አንቺ ምን እንዳለ ቶሎ እንድነግርሽ ጠይቀሻል። ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ታገሺኝ።

ደብዳቤዎቹን የሰጠሁት ቀን ባንኮኒው ላይ ቆሞ አነበባቸው። ደንበኛ ሲመጣ ያቆማል፣ ሸጦ ይቀጥላል። ጨርሶ አጣጠፋቸውና መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። አሁን ስለ ጨውና ስለ ሳሙና እናወራለን። በዚህም ተመስገን።

ኦቦ ጋሩማና ኬኔ ማክሰኞ ደረሱ። ወልዴ በሥራ ቀን ሱቅ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም፤ ዘጋው። ጾም ነበርና ሽሮ ሠራሁ። ሽማግሌው ሳይቀመጡ መናገር ጀመሩ። ያሉትን ሁሉ አልችለውም፤ መጨረሻው ግን እንዲህ ነው፦ «የአንተ ያልሆነ ስም ሰጥተንህ ነበር። የእኛው ነው፤ ልንወስደው መጣን።»

ወልዴም፣ «ውሰዱት። ከብዶኝ ነበር» አለ። ከዚያ ውኃ ላምጣ ብሎ ወጣ። ውኃው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ማንም እንዳላየ ሆነ። አብረው በሉ። ሲሸኛቸው ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ መናኸሪያ ድረስ ሄደ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ጎረቤት ሁሉ «ከኑኑ የመጡ ሽማግሌዎቼ ናቸው» እያለ።

ወደ ኑኑ ተመለስ አሉት። አይመለስም። «እዚያ ሄጄ ስንቱን ፊት አያለሁ» አለኝ። እኔም አልገፋሁትም።

አሁን ስለ አንቺ። ምንም አላለም። በሽማግሌዎቹ ፊት ስምሽን አንድ ጊዜም አልጠራም። ኬኔ አንድ ጠርሙስ ማር ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ነበር፤ «ይሄ አዴ ድርቤ የላከችው ነው» ብላ። አልነካውም። ሲሄዱ አንሥቶ መደርደሪያው ላይ፣ ከሳሙናው ጎን አኖረው። አልከፈተውም፣ አልጣለውምም።

ትናንት አንዲት ደንበኛ ጠርሙሱን አየችና፣ ወልዴን «ማሩ ስንት ነው?» አለችው።

«አይሸጥም። ባለቤቷ ገና አልመጣችም።»

ሴትየዋ ስትወጣ፣ «ባለቤቷ ማን ናት?» አልኩት። ምን እንደሚል ልሰማ ፈልጌ ነው።

«ታውቂያታለሽ» አለኝ፤ «ጉልበቷን ያመማት ናት።»

ሳይስቅ ነው ያለው። ተቆጥቶም አይደለም። እኔም ባሌን አላወቅሁትም፤ አንቺም ምን ማለቱ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሸዋርጋ

ነቀምቴ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋርጋ፣

እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ።

ጉልበቴ ደህና ነው። ለላክሽልኝ ቅባት አመሰግናለሁ፤ እየቀለድሽብኝ መሆኑ ገብቶኛል፣ ደስም ብሎኛል። «ጾሙ ከተፈታ በኋላ ምን አስቀረሽ?» ላልሽው ፍርሃት ነው ያስቀረኝ። ሌላ ስም የለውም። አርባ ስድስት ሴቶች ፊት መቆም ችዬ፣ አንድ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ብዙ ሰው ፊት ሲሆን ዓይንሽን የምታሳርፊበት አታጪም። እሱ ፊት ግን ወዴት አያለሁ?

ምን እንደምለው አስቤ አስቤ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ጻፍኩት። አሁን ወረቀት ይዤ አልመጣም። ስገባ ያለኝን ይበለኝ። ማሩን ደጅ ላይ ቢያፈሰውም ቆሜ አያለሁ። አንቺም አታግዢኝ፤ እባክሽ በመሐላችን አትግቢ። የራስሽ አለሽ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ በሚነሣው አውቶቡስ ልኬዋለሁ፣ ቀድሞኝ እንዲደርስ። እኔ ሐሙስ ነው የምነሣው። ትናንት ተረፋን እንዲወስደኝ ልጠይቀው ወደሚጭንበት ሄድኩ። ለሐሙሱ ጉዞ ማዳበሪያ ያስጭን ነበር። ስለ ዕቃ የመጣሁ መስሎት፣ «ዛሬ ደብዳቤ የለም እንዴ አዴ?» አለኝ።

«ዛሬ ራሴ ነኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ደምቢ ዶሎ? ከሸዋርጋ ሌላ እዚያ ማን አለሽ?»

ዘመድ አለኝ ልለው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«የበደልኩት ሰው አለኝ» አልኩት።

ተረፋ ጋቢናውን ከፍቶ ወንበሩ ላይ የነበረውን ገመድና ጎማ ማውጣት ጀመረ። «እንግዲያው እዚህ ትቀመጫለሽ» አለኝ፤ «መንገዱ ረጅም ነው።»

ድርቤ